አገር ስጠኝ፤ ስለ ሦስት የልጆች ጨዋታዎች ምስጋናና ነቀፌታ

ሰው በሥራው ይታወቃል ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሰው በሥራው ቦታ አለቃውን ይፈራል፥ ደመወዙን ያስባል፥ ስሙን ይጠብቃል። ስለዚህ በሥራው ላይ የምናየው ጠባይ እኩሌታው የእርሱ፥ እኩሌታው የፍርሃቱ ነው። በጨዋታ ጊዜ ግን የሚያስገድደው ስለሌለ እንዳለ ሆኖ ይገኛል። ስስታሙ ስስቱን፥ ቁጡው ቁጣውን፥ ለጋሱም ለጋስነቱን ይዞ ይቀርባል። ለትልቅ ሰው እንዲህ ከሆነ፥ ጨዋታ የቀን ሥራው ለሆነው ለልጅማ ምን ያህል ይበልጥ ይሆን!

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ መጽሐፍ ሲታተም የሚመረምረው ሰው አለ፤ ቴአትር ሲታይም መልካምነቱንና ጉድለቱን የሚናገር አይጠፋም። ከገበያ ገዝተን ለልጆቻችን የምናመጣውን ወይም ከአያቶቻችን ተቀብለን የምናስተላልፈውን ጨዋታ ግን የሚመረምረው የለም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያልን የልጅን ነገር ሁሉ እንንቃለን። ሆኖም ጨዋታም እንደ መጽሐፍ ደራሲ አለው፥ ሕግ አለው፥ ፍጻሜም አለው። ከዚህም በላይ መጽሐፍን አንብበን እንተወዋለን፤ ጨዋታን ግን እንደጋግመዋለን። የተደጋገመ ነገር ደግሞ ልማድ ይሆናል፤ ልማድም ውሎ አድሮ ጠባይ ይሆናል። ስለዚህ እኔ ዛሬ በራሴ ቤት የታወቁትን ሦስት ጨዋታዎች፥ ማለት ገበጣን፥ ሞኖፖሊንና እንቆቅልሽን እንደ መጽሐፍ አድርጌ ልመረምራቸው አስቤአለሁ።

ለመፍረድ መለኪያ ያስፈልጋልና ሦስት ጥያቄዎችን እጠይቃለሁ። አንደኛው፥ ጨዋታው ትልቁንና ትንሹን በአንድነት ያስቀምጣልን? ሁለተኛው፥ አሸናፊው ያሸነፈበትን ምክንያት በእውነት ያሳየዋልን? ሦስተኛው፥ የተሸነፈው ሰው ምን ይሆናል? ከእነዚህም ዋናው ሦስተኛው ነው። አሸናፊውን መውደድና ማመስገን ለማንም ቀላል ነው፤ የአንድ ቤት ደግነት ግን የሚለካው የተሸነፈው ሰው በዚያ ቤት ውስጥ በሚኖረው ቦታ ነው።

ገበጣን ያስተማሩኝ በምንጃር የነበሩት አያቴ ናቸው። እርሳቸው የዕድሜያቸውን ብዙ ጊዜ ያሳለፉት የሰው መሬት በማረስ ነበር። እኩል አራሽ ስለ ነበሩ ካመረቱት እህል እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ይሰፍሩ ነበር። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. ሲሆን፥ እኔ ክረምቱን በእርሳቸው ዘንድ ማሳለፍ የጀመርኩት ከዚያ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ገበጣችን ከእንጨት የተጠረበ አልነበረም። በደጃፉ ከዛፉ ሥር በመሬቱ ላይ የተቆፈሩ ዐሥራ ሁለት ጉድጓዶች ነበሩ፤ ስድስቱ በእርሳቸው በኩል፥ ስድስቱም በእኔ በኩል። የምንጫወተው በሽምብራ ነበር፤ ሽምብራው ለወጥ ሲፈለግ ጠጠር እንለቅማለን። ከእረኞች ጋር በመስክ ስውልማ የፍየል በጠጥም ያገለግለን ነበር። አያቴ ጉድጓዶቹን በእጃቸው ሲጠርጉ እየሳቁ፥ «እኔ ድሮ የራሴ መሬት የነበረኝ በዚህ ላይ ብቻ ነው» ይሉኝ ነበር።

የገበጣ ሕግ እንደየአገሩ ይለያያል። ሪቻርድ ፓንክረስት የተባሉት የታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን ልዩ ልዩ ዓይነቶች ሰብስበው ጽፈዋል። በአንዳንዱ አገር ጉድጓዱ ሁለት ረድፍ ነው፥ በሌላው ሦስት ረድፍ ይሆናል። እኛ በየጉድጓዱ አራት አራት እናደርግ ስለ ነበር ፍሬው በጠቅላላው አርባ ስምንት ነበር። ተራው የደረሰው ሰው ከራሱ ወገን አንዱን ጉድጓድ አራግፎ ያነሣና በየጉድጓዱ አንድ አንድ እየጣለ ይዘራል። የመጨረሻዋ ፍሬ ሌላ ፍሬ ካለበት ጉድጓድ ብትወድቅ ያንን አንሥቶ ይቀጥላል፤ ከባዶ ጉድጓድ ብትወድቅ ግን እጁን ይሰበስባል። የሚበላበትም ሥርዓት አለ፤ እርሱን የሚያውቅ ያውቀዋል፥ የማያውቀውም ከአንድ ሽማግሌ ሄዶ ቢማር ይሻለዋል።

አሁን ፍርዱን እንስጥ። የገበጣ የመጀመሪያው መልካምነት ዕድል የሚባል ነገር የሌለበት መሆኑ ነው። ፍሬው ሁሉ በሁለቱም ዓይን ፊት ነው፤ የተሸነፈ ሰው በምን እንደ ተሸነፈ ያውቃል፥ ያሸነፈውም ያላገባብ ሊኮራ አይችልም። ሁለተኛው መልካምነት ከዚህ የጠለቀ ነው። በገበጣ ላይ የሚዘራ ሰው ለራሱ ብቻ መዝራት አይችልም። እጁ ሞልቶ የተነሣ እንደ ሆነ ከራሱ ጉድጓዶች አልፎ በባላጋራው ጉድጓዶች ውስጥ መጣል ግዴታው ነው። ብዙ ያለው ሰው ብዙ ያካፍላል ማለት ነው። ይህን ሕግ ያወጣው ማን እንደ ሆነ ባይታወቅም፥ የሰውን ኑሮ አጥብቆ የተመለከተ ሰው መሆኑ አያጠራጥርም።

አንድ ቀን ከአርባ ስምንቱ አንዲቱን ሽምብራ በመዳፌ ደበቅሁ። አያቴ ምንም አላሉኝም። ጨዋታው ሲያልቅ ግን የእርሳቸውንም የእኔንም አንድ ላይ አድርገው ቆጠሩና አርባ ሰባት ሆነባቸው። ቀና ብለው ሳያዩኝ፥ «አንዲቱ ጠፍታለች፤ ሌሊት ብርድ ይመታታል፥ ፈልገህ ወደ ወገኖቿ መልሳት» አሉና ወደ ቤት ገቡ። እኔም እያፈርሁ መለስኋት። የገበጣ ሀብት አይጨምርም፥ አይቀንስም፤ ስለዚህ ሌብነት ወዲያው ይታያል። እርሳቸውም ሌብነቱን አዩ፥ ሌባውን ግን እንዳላዩ አለፉት።

እንግዲህ ጉድለቱን ደግሞ እንናገር። ገበጣ የሁለት ሰው ጨዋታ ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ልጅ ቆሞ ከማየት በቀር ድርሻ የለውም። ከዚህም በላይ ዕድል ስለሌለበት ዐዋቂው ሁልጊዜ ያሸንፋል። ልጅ ከሽማግሌ ጋር ቢቀመጥ ክረምቱን ሙሉ ሲሸነፍ ይከርማል፤ ይህም ትንሹን ተስፋ ያስቆርጣል። አያቴ ለዚህ የራሳቸው መድኃኒት ነበራቸው። ጨዋታው ተጋምሶ የእኔ ነገር የተበላሸ እንደ ሆነ ብድግ ይሉና፥ «ና፥ ቦታ እንለዋወጥ» ይሉኛል። እኔ ሙሉ ከሆነው ከእርሳቸው ወገን እቀመጣለሁ፥ እርሳቸው ባዶ ከሆነው ከእኔ ወገን ይቀመጣሉ። እኔ ተስፋ የቆረጥኩበትን ወገን ይዘው ብዙ ጊዜ ያሸንፉኝ ነበር! በዚህም ጊዜ ሁለት ነገር እማር ነበር፤ አንደኛ፥ የእኔ ቦታ እንዳሰብሁት የጠፋ እንዳልነበረ፤ ሁለተኛ፥ የእርሳቸው ቦታ እንዳሰብሁት ቀላል እንዳልነበረ። ይህ «ቦታ እንለዋወጥ» የሚለው ቃል በየትኛውም የገበጣ ሕግ ውስጥ መኖሩን አልሰማሁም፤ የአያቴ ብቻ ነው። ወደ ኋላ እመለስበታለሁና አንባቢ ልብ ይበለው።

ሁለተኛው ጨዋታ ሞኖፖሊ ነው። ይህን የማያውቅ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው፤ ባይጫወተውም ስሙን ይሰማል። በሰሌዳው ላይ አርባ ቦታዎች አሉ፤ ከእነርሱም ሃያ ሁለቱ የሚገዙ መንገዶች ናቸው። ተጫዋቹ በመጀመሪያ 1,500 የወረቀት ዶላር ይቀበላል፤ ዳይስ እየጣለ ይዞራል፥ መሬት ይገዛል፥ ቤት ይሠራል፥ ሆቴል ይሠራል፤ በመሬቱ ላይ የቆመውን ሁሉ ኪራይ ያስከፍላል። ሰሌዳውን ዞሮ ከመነሻው ባለፈ ቍጥር ከባንክ 200 ይጨመርለታል። ሌሎቹን ሁሉ አክስሮ ብቻውን የቀረው ሰው አሸናፊ ይባላል።

የዚህ ጨዋታ ታሪክ የሚያስደንቅ ነው። መጀመሪያ ያሰበችው ኤልሳቤጥ ማጊ የተባለች አሜሪካዊት ስትሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1904 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ተሰጥቷት ነበር። ስሙንም «የባለ ርስት ጨዋታ» ብላው ነበር። እርስዋ ሄንሪ ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ1879 ዓ.ም. ስለ ዕድገትና ስለ ድህነት በጻፈው መጽሐፍ የምታምን ሴት ነበረች። የጆርጅም አሳብ በአጭሩ፥ መሬትን ማንም ስላልሠራው ከመሬት ብቻ የሚገኘው ኪራይ ለሕዝብ ጥቅም በግብር መልክ መግባት አለበት የሚል ነው። ስለዚህ ማጊ ጨዋታዋን የሠራችው መሬት በጥቂቶች እጅ ሲገባ ብዙዎች እንዴት እንደሚደኸዩ ልጆች በዓይናቸው አይተው እንዲጠሉት ነበር። ጨዋታው በእጅ እየተገለበጠ ከቤት ወደ ቤት ለሠላሳ ዓመት ያህል ሲዞር ከቆየ በኋላ፥ ቻርልስ ዳሮ የተባለ ሰው ከወዳጆቹ ተምሮ እንደ ራሱ ፈጠራ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1935 ዓ.ም. ፓርከር ብራዘርስ ለተባለው ኩባንያ ሸጠው። ኩባንያውም የማጊን መብት በ500 ዶላር ገዛ። ዳሮ በጨዋታው ባለጠጋ ሆነ፤ የማጊ ስም ግን ከሳጥኑ ላይ ጠፋ። እንደ ማስጠንቀቂያ የተሠራው ጨዋታ እንደ ምኞት ተሸጠ። በመሬት ስለሚበለጽጉት ልትናገር የተነሣችው ሴት ራስዋ የለፋችበትን ሌላ ሰው ሲበለጽግበት አየች ማለት ነው።

ይህ ሣጥን ወደ እኛ ቤት የገባው በ2012 ዓ.ም. የገና በዓል ዋዜማ ነው። በአሜሪካ የምትኖር ዘመዳችን ለልጆቹ አመጣችው። በዚያን ጊዜ በቤታችን ውስጥ ሌላ ነገር ነበረ። አባታችን በ2010 ዓ.ም. ሲሞቱ በጉለሌ ያለውን ቤታቸውን ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ትተውልን ነበር። እኔ ይሸጥና ገንዘቡን እንካፈል አልሁ። ወንድም ጋሼ እናታችን በሕይወት ሳለች ቤቱ አይሸጥም አለ። ከቃል ወደ ሽማግሌ፥ ከሽማግሌም ወደ ጠበቃ ደረስን፤ ሰላምታም ተቋረጠ። በገና ቀን ግን እናታችን ሁለታችንንም ስለ ጠራችን፥ አንዳችን ከሳሎኑ አንድ ጫፍ፥ ሌላችን ከሌላው ጫፍ ተቀምጠን ነበር።

ልጆቹ ሰሌዳውን መሬት ላይ ዘርግተው መጫወት ጀመሩ፤ የእኔ ልጅና ታናሽ እኅቱ፥ የወንድሜም ሁለት ልጆች። በመጀመሪያ ደስታ ነበረ። ወረቀቱን መቍጠር፥ መሬት መግዛት፥ ባንክ መሆን ሁሉንም ደስ አሰኛቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ለልጄ ዳይሱ ስለ ቀናው ሦስት አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸውን መንገዶች ይዞ ሆቴል ሠርቶባቸው ነበር። የወንድሜ ትንሹ ልጅ፥ የሰባት ዓመት ሕፃን፥ በእነዚያ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመና ያለውን ሁሉ ከፍሎ ጨረሰ። «ትንሽ ተወኝ፥ በሚቀጥለው እከፍልሃለሁ» ብሎ ለመነው። ልጄም፥ «ሕግ ሕግ ነው፤ መክፈል ካልቻልክ ውጣ» አለው።

ወጣት አንባቢዬ፥ ይህ ቃል የልጄ አልነበረም፤ የእኔ ነበረ። ከጥቂት ወራት በፊት በዚያው ሳሎን ውስጥ ለወንድሜ የተናገርሁት፥ ቃል በቃል ያው ነው። ልጄ ከመጋረጃው በስተኋላ ቆሞ መስማቱን አላወቅሁም ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ወንድሜ እኔን ሳይሆን መሬቱን ይመለከት ነበር።

እንግዲህ ስለ ሞኖፖሊ የምሰጠው ፍርድ ይህ ነው። ብዙ ሰው በአንድነት ያጫውታል፤ በዚህ ከገበጣ ይበልጣል። ቍጥርን ያስተምራል፥ ውል መጠበቅን ያስተምራል፥ ዛሬ የተበላ ገንዘብ ነገ እንደማይገኝ ያሳያል፤ እነዚህ ቀላል ጥቅሞች አይደሉም። በሁለተኛው መለኪያ ግን ይወድቃል። ማንን ከየትኛው መሬት ላይ እንደሚያቆም የሚወስነው ዳይስ ሲሆን፥ አሸናፊው ግን በብልሃቱ ያሸነፈ ይመስለዋል። ዕድልን ብልሃት ብሎ መጥራት ሰውን ትዕቢተኛ ያደርገዋል፤ ድሃውንም በራሱ ጥፋት የደኸየ ነው እንዲል ያለማምደዋል። በሦስተኛው መለኪያም ይወድቃል። የከሰረው ልጅ ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ ሌሎቹ ሲጫወቱ ዳር ተቀምጦ ያያል። በመጨረሻም አንዱ ብቻውን ባዶ መንገዶችን ይዞ ይቀራል። ያሸነፈው ሰው የሚያጫውተው አጥቶ የሚጠናቀቅ ጨዋታ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? ማጊ ይህንን ነበር ልታሳየን የፈለገችው። ጨዋታው ክፉ ነው ለማለት አልደፍርም፤ መጨረሻው ተቆርጦ እንደ ቀረ ተረት ነው እላለሁ። የመጣው ትምህርቱ ወድቆ ነው።

ትንሹ ልጅ ሲያለቅስ እናታችን ከጓዳ ወጣች። ማን እንደ በደለው አልጠየቀችም። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ከምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ልጁን በጉልበቷ አስደግፋ፥ «እንቆቅልህ» አለችው። ሕፃኑ ዕንባውን ሳይጠርግ፥ «ምን አውቅልህ» አለ። ሌሎቹም ሰሌዳውን ትተው ተሰበሰቡ። ሦስተኛው ጨዋታ ይህ ነው።

የእንቆቅልሽን ሥርዓት ሁሉም ያውቀዋል። ጠያቂው ይጠይቃል፤ ተጠያቂው የመሰለውን ይመልሳል። መልሱ ከጠፋው ጠያቂው፥ «አገር ስጠኝ» ይለዋል። ተጠያቂውም፥ «ጎንደርን ሰጠሁህ» ወይም «ሐረርን ሰጠሁህ» ይላል። ተቀባዩ አገሩን በአፉ ገብቶ፥ ያገኘውን ደስታ ዘርዝሮ ካመሰገነ በኋላ መልሱን ይነግረዋል። አንባቢ ይህን በሞኖፖሊ አጠገብ አድርጎ ይመልከተው። በሁለቱም ጨዋታዎች ላይ የተሸነፈ ሰው መሬት ይሰጣል። በሞኖፖሊ መሬቱን የሰጠ ባዶ እጁን ይወጣል፤ በእንቆቅልሽ ግን አገር የሰጠ ሰው በምትኩ ዕውቀት ይቀበላል። ያላወቀውን ማወቅ የሚችለው አገሩን በመስጠቱ ነው። የሰጠውም አገር አያልቅበትም፤ ነገ ያንኑ ጎንደር ደግሞ ለሌላ ይሰጠዋል። ተሸናፊውም ከጨዋታው አይወጣም፤ አሁን ያወቀውን ይዞ በሚቀጥለው ቀን እርሱ ጠያቂ ይሆናል። ጉልበት ያነሰው ሕፃንና ዓይኗ የደከመ አያት በአንድነት ይጫወቱታል፤ ዋጋውም ምንም ነው።

የእንቆቅልሽን ጉድለት ያልተናገርሁ እንደ ሆነ ግን የአገሬን ነገር ስለ ሆነ ብቻ አዳላሁለት ማለት ነው። አንደኛ፥ የድሮውን እንቆቅልሽ ብቻ እየደጋገምን አዲስ ካልፈጠርንለት የማስታወስ ፈተና ብቻ ይሆናል፤ ያልሰማ ልጅ በማሰብ ሊደርስበት የማይችለው መልስ ብዙ ነው። ሁለተኛ፥ በአንዳንዱ ቤት አገር የተቀበለው ሰው መልሱን ከመናገሩ በፊት ተሸናፊውን በስድብ ያጥረገርገዋል። ቀልድ ነው ይባላል፤ ግን ደካማውን ልጅ እየመረጡ ሲደጋግሙበት አይቻለሁ። ይህን ልማድ አልወደውም፥ እንዲቀርም እመክራለሁ።

ወደዚያ ምሽት እንመለስ። እናታችን የጠየቀችው ለሕፃኑ ከበደው። «አገር ስጠኝ» አለችው። ልጁ ጥቂት አሰበና፥ የሚያውቀው አገር ሁሉ ስላለቀበት ይሁን ወይም በቤቱ ሲነገር የሚሰማው ያ ብቻ ስለ ነበረ፥ «የአባባን ቤት ሰጠሁሽ» አላት። ሳሎኑ ጸጥ አለ። እናታችን ግን እንደ ሥርዓቱ ተቀበለችው፤ «የአባባን ቤት ገብቼ፥ ምን አጥቼ! ልጆቼን በአንድ ገበታ አይቼ» አለች። ከዚያም እንቆቅልሹን ፈታችለትና ሌላ ጠየቀችው። ወደ እኛ ዞራ አላየችም። ብትቆጣን ኖሮ እንከራከራት ነበር፤ በጨዋታ ለተነገረ ነገር ግን ክርክር አይቀርብም።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአያቴ ቃል ትዝ አለኝ፤ «ና፥ ቦታ እንለዋወጥ።» በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ አንድ ነገር ለመንኋቸው፤ እኔ የወንድሜን ነገር ልናገር፥ ወንድሜም የእኔን ይናገርልኝ ብዬ። አንደኛው ሽማግሌ ሳቀ፤ በኋላ ግን ፈቀዱ። የወንድሜን ነገር ለመናገር አፌን ስከፍት፥ አባታችን በታመሙባቸው ዓመታት የመድኃኒቱን ወጪ ሁሉ ብቻውን እንደ ከፈለ መናገር ነበረብኝ። ይህን ሁልጊዜ ዐውቅ ነበር፤ በራሴ አፍ ግን ተናግሬው አላውቅም ነበር። ወንድሜም በበኩሉ እኔ በኪራይ ቤት አራት ልጆች ይዤ በየዓመቱ ከሰፈር ወደ ሰፈር እንደምንከራተት ተናገረ፤ ማወቁን አላውቅም ነበር። ነገሩ በዚያን ቀን አላለቀም። እስከ ፋሲካ ድረስ ተጓተተ። በመጨረሻም ቤቱ ሳይሸጥ ቀረ፤ እናታችን በዋናው ቤት ትኖራለች፥ በጓሮ በኩል ያሉት ክፍሎች ተከራይተው ኪራዩ ለእኔ ቤት ኪራይ መደጎሚያ ይሆናል። ከሽያጩ አገኘዋለሁ ብዬ ካሰብሁት ያነሰ ነው፤ አልዋሽም፥ አንዳንድ ቀን ይቆጨኛል። ዳሩ ግን በየዓመቱ ገና የምንውለው በአንድ ገበታ ነው።

አንድ ሰው ተነሥቶ፥ «ጥፋቱ የአንተ ነው እንጂ የጨዋታው አይደለም፤ ልጅህ ክፉውን ቃል የተማረው ከአንተ አፍ ነው» ቢለኝ መልሴ፥ እውነትህን ነው የሚል ነው። ሞኖፖሊ ልጄን አላበላሸውም። እኔ የዘራሁትን የሚያበቅልበት መሬት ሆነለት እንጂ። ነገር ግን መሬትም ከመሬት ይለያል። ያው ልጅ ያንኑ ቃል ይዞ ወደ እንቆቅልሽ ቢመጣ ቃሉ ምንም አያገለግለውም፤ «ውጣ» የሚባልበት ቦታ የለምና። ጥሩ ጨዋታ ክፉውን ሰው ደግ አያደርገውም፤ ክፋቱን የሚለማመድበት ቦታ ግን ያሳጣዋል።

ደግሞ ሌላው፥ «የዛሬ ልጅ ስልክ ይዞ ለብቻው ይጫወታል፤ አንተ ስለ ሽምብራና ስለ ሰሌዳ ታወራለህ» ይለኝ ይሆናል። በስልክም ላይ ገበጣ እንዳለ፥ እንቆቅልሽም እንዳለ ዐውቃለሁ፤ ብልሃቱንም አልነቅፍም። ነገር ግን ስልኩ አንዲት ሽምብራ የሰረቀውን ልጅ ወይም ጨርሶ አያሰርቀውም፥ ወይም ወዲያው ይቀጣዋል። ዐይቶ እንዳላየ ማለፍን አያውቅም። ሲሸነፍ የሚያለቅሰውን ልጅ በጉልበቱ ማስደገፍም አይችልም። እነዚህ ሁለቱ ከጨዋታው ሕግ ውስጥ ያሉ አይደሉም፤ አጠገብ ከተቀመጠው ሰው የሚገኙ ናቸው።

ሞኖፖሊውን አልጣልሁትም። እስከ ዛሬ በቤታችን አለ፥ ሣጥኑ በፕላስተር ተለጥፏል። ነገር ግን አንድ ሕግ ጨምረንበታል። አንዱ ሊከስር የደረሰ እንደ ሆነ ከሁሉ የበለጸገው ተነሥቶ ከእርሱ ጋር ቦታ ይለዋወጣል። በመጀመሪያ ልጄ ጮኸ፥ ፍትሕ አይደለም አለ። አሁን ግን ራሱ፥ «ና፥ ቦታ እንለዋወጥ» ሲል እሰማዋለሁ። ጨዋታው በዚህ ምክንያት ማለቂያ የለውም፤ ሁልጊዜ የሚያልቀው ቡናው ሲፈላ ነው። የሚከፋው ልጅ ግን የለም።

ስለዚህ፥ ወጣት ሆይ፥ ነገ የራስህ ቤት ሲኖርህና ለልጅህ ጨዋታ ልትገዛ ወይም ልታስተምር ስታስብ፥ ዋጋውን ከመጠየቅህ በፊት የተሸነፈው ወዴት እንደሚሄድ ጠይቅ። ከአውሮፓ መጣ ብለህ አትናቀው፥ ከአያቶችህ መጣ ብለህም ሳትመረምር አትቀበለው። ሕጉ ጎድሎ ካገኘኸው አሻሽለው፤ ጨዋታ የሰው ሥራ ነውና ሰው ሊያቀናው ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ለልጆችህ ከመግዛትህ በፊት ራስህ በመሬት ላይ ተቀመጥ። ልጁ ሕጉን የሚማረው ከሣጥኑ ክዳን ላይ ካለው ጽሑፍ ነው፤ ጠባዩን የሚማረው ግን ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው ነው።